ቡሬን አመል ማስያዝ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመድ ሠርግ ነገሌ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ዘበኛ አንዲት ቡችላ ያሳድጋል። ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቡችላዋ በረንዳው ላይ በሸናችው ላይ አመድ ነስንሳ፣ ውሃ አርከፍክፋ፣ በመጥረጊያ ወደ ውጭ ስትገፋ ደረስኩ። የእርጥብ አመዱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና ቡችላዋ ገና አመል እንዳልያዘች ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምንም አይደል አልኳት። ከዚያ ግን ወደ ግቢው መውረዴን ትቼ ክፍሌ ተመለስኩና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለቁርስ የጠሩኝ ሰዎች መጥተው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ያኔ የምንኖረው እዚያው ነገሌ ነበር፤ እናታችን ከሞተች በኋላ የመጣው የመጀመሪያው በጋ ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ፊደል ጨርሼ ማንበብ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ሙሌ ደግሞ ገና ትምህርት ቤት አልገባም።

አባባ ከብት ከታቢ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ተጭኖ ወደ አሬሮና ወደ ፊልቱ ይወርድና ብዙ ሰንብቶ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የነገሌ ሰው ሁሉ ሐኪም ይለዋል። እኔም ሰው የሚያክም ይመስለኝ ነበር። እማዬ በወሊድ ከነሕፃኗ ክሊኒክ ውስጥ ስትሞት አባባ ፊልቱ በረሃ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ የሞተችው እሱ ስላልነበረ ነው፣ ቢኖር መርፌ ወግቶ ያድናት ነበር ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ባርኔጣውን ከምስማሩ ላይ አንስቶ ወጣ፤ ያን ዕለት ምሳ ሳይበላ ዋለ።

እኛን እንዲያሳድጉ ከሰላሌ የመጡት የአባባ ታላቅ እኅት እትዬ አስካለ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ መቀነታቸውን አጥብቀው የታጠቁ ሴት ናቸው። የነገሌን ሙቀት ጠሉት፤ ቀዩን አቧራ ጠሉት፤ ጎረቤቱ በኦሮምኛ ሲያወራ የታሙ ይመስላቸዋል። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ልባቸው ደረቅ የሆነ ሴት ነበሩ የሚመስሉኝ።

የእማዬ አርባ እንዳለፈ ሙሌ ማታ ማታ መሽናት ጀመረ። ዱሮ ትቶት ነበር። እኔና እሱ የምንተኛው በአንድ መደብ ላይ በተነጠፈ የበሬ ቁርበት ላይ ነው፤ እትዬ አስካለ ከጎናችን መሬት ላይ፣ አባባ ከመጋረጃው ወዲያ በሽቦ አልጋው ላይ። አባባ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። አንድ ጠዋት እርጥቡን ቁርበት አየና ጠቀለለው፤ በሙሌ ጭንቅላት ላይ አስቀመጠና እየነዳ በሰፈሩ መሐል አሳልፎ እስከ ውሃ መቅጃው ድረስ ወሰደው። አህያ የሚጭኑ ሰዎች ቆመው አዩት። ልጆች ተከትለው ሳቁበት። ቁርበቱ ከሱ ቁመት ይበልጥ ስለነበር እግሩ እየተጠላለፈ ሲራመድ አስታውሳለሁ።

ሲመለሱ ሙሌ አላለቀሰም። መናገር ግን ተወ። ብላ ሲሉት ይበላል፤ ና ሲሉት ይመጣል፤ ድምፅ የለውም። አባባ ከጥቂት ቀን በኋላ ባደረገው ነገር እንደተፀፀተ ያስታውቅ ነበር፤ ከረሜላ ገዝቶ መጣለት፣ ትከሻው ላይ ሊያወጣው ሞከረ። ሙሌ ከረሜላውን ተቀብሎ በእጁ ይዞት ዋለ። አባባም ወደ ሥራው ሄደ።

እሱ በሌለበት እትዬ አስካለ ልጁ እንደተሻለው፣ መሽናቱንም ጨርሶ እንደተወ ለሁሉም ተናገሩ። እኔም አመንኳቸው። ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት የሚነሱት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ስነቃ ሙሌ ሁልጊዜ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ በእሱ በኩል ያለው ቁርበትም ተወልውሎ ነው የማገኘው።

አባባ ከአሬሮ ሲመለስ ቡችላውን ይዞ መጣ። የክትባት ብልቃጥ በሚጫንበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ጭድ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ። ከብቱን የከተበለት የቦረና ሰው እንደሰጠው ነገረን። ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተው። ሙሌ አጎንብሶ አየ። ቡችላው አፍንጫውን ላሰው።

«ቡሬ» አለ ሙሌ።

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማነው የመጀመሪያ ቃሉ ነው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ማሰሪያውን ፈትቶ እስኪጨርስ ብዙ ቆየ።

ቡሬ ውጭ ሊያድር አይችልም ነበር። በዚያ በጋ፣ አገሩ ቦና በሚለው ደረቅ ወቅት፣ ከከተማው ዳር ጀምሮ ከብት በየመንገዱ ይወድቅ ስለነበር ጅቡ እስከ ገበያው ድረስ ይገባል። የሰፈሩ ትልልቅ ውሾች እንኳ ጆሮና ጅራታቸው ተቆርጦ ነው የሚውሉት። እትዬ አስካለ ግን ውሻ በገባበት ቤት መልአክ አያድርም ብለው እምቢ አሉ። አባባ ለመናቸው። የሙሌን አፍ የከፈተ ቡችላ መሆኑን እያሳሰበ ለመናቸው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ቡሬ ቤት ውስጥ እንዳይሸና አመል ከያዘ ይደር፣ ካልያዘ ይወጣል። አመል ማስያዙ ለእኔ ተሰጠ።

እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ያስተማሩኝ ወተት የሚያመጡልን የቦረና ሴት ናቸው። ስማቸው ጡሜ ነው፤ እኛ አዮ ጡሜ እንላቸዋለን፣ እናት ጡሜ ማለታችን ነው። ጠዋት ጠዋት በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ይመጡና በራችን ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ? ናጋ?» ብለው እንዴት እንዳደርን ይጠይቃሉ። እትዬ አስካለ በአማርኛ እግዚአብሔር ይመስገን ይሏቸዋል፤ ሁለቱም የሌላዋ ንግግር የሚገባቸው ይመስለኝ ነበር።

አዮ ጡሜ ቡሬን በአንገቱ ቆዳ አንጠልጥለው አዩትና ምክራቸውን በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ ሰጡኝ። ሲነቃ አውጪው፤ ሲበላ አውጪው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰጂው። ቤት ውስጥ ከሸና ሽንቱ የነካውን አመድ ዘግነሽ እዚያ ውጭ ቦታው ላይ ድፊው፣ ሽታውን ተከትሎ ይሄዳል። «አትምቺው ግን» አሉኝ፤ «ሰሬ ሲመታ መሽናት አይተውም፤ መደበቅ ነው የሚማር።» ሰሬ የሚሉት ውሻውን ነው።

ቦታ መረጥኩለት። ከማድቤታችን ጀርባ፣ ከቅንጭብ አጥሩ ሥር፣ አፈሩ የላላበት ጥግ። በበላ ቁጥር አቅፌው እሮጣለሁ። መሬት አስቀምጠውና ከፊቱ ቁጢጥ ብዬ፣ እማዬ ሙሌን በሕፃንነቱ ታደርገው እንደነበረው በአፌ «ሽሽሽ» እላለሁ። መጀመሪያ እሱም ከፊቴ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ከዚያ የቀሚሴን ጫፍ ይነክሳል። ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤት ስመልሰው ደፉን እንዳለፈ መሬቱ ላይ ይለቀዋል። አመድ እነሰንሳለሁ፣ እዘግናለሁ፣ እወስዳለሁ፣ እደፋለሁ። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ የምበላው ሁሉ እርጥብ አመድ ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበር ቀየረች።

ሙሌ አብሮኝ ይሮጣል። እሱም ቁጢጥ ብሎ «ሽሽሽ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል፤ የሚያወራው ግን ከቡሬ ጋር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡሬ በሩን በጥፍሩ እየቧጠጠ ሲያለቅስ አገኘሁት። ከፈትኩለት። እንደ ቀስት ተወርውሮ ማድቤቱን ዞረ። ተከተልኩት። እዚያው ጥግ፣ አመዱ ላይ፣ እግሩን አጥፎ ሸና፤ ጨርሶም ዞር ብሎ አየኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ለአዮ ጡሜ በማግስቱ ስነግራቸው ጭንቅላቱን ደባብሰው ጎበዝ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ቀን ላይ አንዲት ጠብታ ቤት ውስጥ አልጣለም።

ጠዋት ጠዋት ግን ቁርበቱ እርጥብ ነበር።

ቡሬ የሚተኛው እግራችን ሥር ነው። ጎህ ሲቀድ የእትዬ አስካለ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል፤ ይህ ውሻ ዛሬም አበላሸው፣ ልጄን አረጠበብኝ፣ እያሉ ሙሌን አንሥተው ልብሱን ይቀይሩለታል። ቀጥለው ከመጥረጊያው አንድ ጭራሮ መዝዘው ቡሬን ይቸበችቡታል። ቡሬ ጅራቱን እግሩ መሐል ከትቶ መደቡ ሥር ይገባል። እኔ በተኛሁበት ፊቴን እሸፍናለሁ። የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ቀን ያስተማርኩትን ማታ የሚረሳው፣ የሆነ ነገር ሳላስተምረው ቀርቼ ነው እል ነበር።

ሙሌ በእነዚያ ጠዋቶች አንድ ነገር ያደርጋል። ቁርሱን ቂጣ ሲሰጡት አይበላም። መደቡ ሥር አጎንብሶ እየቆረሰ ሁሉንም ለቡሬ ያጎርሰዋል። ይህ በጣም አናደደኝ። የሸና ውሻ ቂጣ ከተሰጠው መሽናት የሚያስበላ ነገር ይመስለዋል፤ ልፋቴን ሁሉ ያበላሽብኛል። ሙሌን ይዤ ወዘወዝኩት፤ ለምን እንደሚያበላው ጠየቅኩት።

«የተመታው እሱ ነው» አለኝ።

የሕፃን ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀምሮ ውሃ ከለከልኩት። በዚያ በጋ፣ ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት፣ ግድግዳው እንኳ በሚግልበት ጊዜ። ቡሬ ጋን ያለበት ጥግ ሄዶ የጋኑን ወዝ በምላሱ ይልስ ነበር። ከዚያ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አገጩን ያስቀምጣል። ምላሱ እንደ ቅጠል ደርቆ ይነካኛል፤ ግን ከቤት እንዳይባረር ብዬ ነው ብዬ እጨክናለሁ። ሲነጋ ቁርበቱ እርጥብ ነው። ውሃ ያልጠጣ ውሻ ከየት አምጥቶ እንደሚሸና ሊገባኝ አልቻለም። እትዬ አስካለን ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን አዙረው፣ የውሻ ነገር ምን ይታወቃል ብለው ቁርበቱን ይዘውት ወጡ። ውሃ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው ራሳቸው ማታ ማታ ያስቀምጡለት ጀመር። ውሻውን ስለሚጠሉት በቶሎ አጥፍቶ እንዲባረር ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጥርስ ነከስኩባቸው።

ወቅቱ እየከበደ ሄደ። የአዮ ጡሜ ወተት ቀነሰ፤ ከዚያ ወተቱን ትተው ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ሰላም ሊሉን ብቻ ይመጡ ጀመር፤ ከዚያ እሳቸውም ቀሩ። ነፋሱ ከቆላው የሞተ ከብት ሽታ ይዞ ይመጣል። ዝናብ ይመጣል በሚባልበት አቅጣጫ ሰማዩ ነጭ ነው። ቤተ ክርስቲያን ምሕላ ተያዘ፤ መስጊድም ጸሎት ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ዝግ ብሎ ነው የሚያወራው።

አባባ በዚህ መሐል ተመለሰ። ከመኪናው ሲወርድ አላወቅኩትም ነበር። ጉንጩ ገብቷል፣ ካኪው ሰፍቶታል። መርፌውንና ብልቃጡን እንደያዘ ነው የተመለሰው፤ ከብቱ የሚያልቀው በረሃብ ነው፣ ለረሃብ የሚሆን መርፌ የለኝም አለ እትዬ አስካለን። ከዚያ በስተቀር ስለሄደበት አገር ምንም አልነገረንም። ማታ ሙሌን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቱን እየቆጠረለት ብዙ ቆየ። ሙሌም ዝም ብሎ ተቀመጠለት፤ የአባባን እጅ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ነበር።

ሲነጋ ከሁላችን ቀድሞ የነቃው አባባ ነው። መጋረጃውን ገልጦ መጣና ቁርበቱን አየ። የሙሌን ልብስ ነካ፤ እስከ ደረቱ እርጥብ ነበር። እትዬ አስካለ ከጸሎታቸው ተነሡ።

«ውሻው ነው» አሉ ቶሎ ብለው።

አባባ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሆነ ጠየቀ። አልፎ አልፎ ነው አሉት። እኔ ከመደቡ ላይ ተነሥቼ፣ ቀን ላይ ፍጹም አመል እንደያዘ፣ በር እንደሚቧጥጥ፣ ማታውን ብቻ እንደቀረው፣ ጥቂት ቢታገሠኝ እንደማስተምረው እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ ወደ እኅቱ ዞረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ይደር» አለ።

«ጅቡስ?»

«ድንጋይ ከምሬ ቤት እሠራለታለሁ። በእሾህ እዘጋዋለሁ።»

«አንድ ሰሞን ታገሥ። ግልገል እኮ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ስለማውቅ ነው። ልጆቼ በውሻ ሽንት ውስጥ እየተኙ እንዴት ዝም እላለሁ? እናታቸውን ቀብሬያለሁ። እነዚህ አንድ ነገር ቢሆኑብኝ ምን ይዤ እቀራለሁ?»

እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ሙሌ አዩ። ሙሌ ግድግዳው ጥግ ቆሞ፣ እርጥብ ልብሱን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ አሁንም የአባባን እጅ ያያል። ከንፈሩ እንደዚያ እንደ ቁርበቱ ቀን ተጣብቆ ነበር። እትዬ አስካለ መልሰው አፋቸውን ዘጉ፤ መቀነታቸውን ፈተው እንደገና አጥብቀው ታጠቁ።

አባባ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያመላልስ ዋለ። ከአጥሩ ሥር፣ ያው እኔ የመረጥኩለት ጥግ አጠገብ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ክብ ቤት ካበ። ጭድ ጎዘጎዘለት። ከላይ ጣውላ ከደነና ጣውላው ላይ ድንጋይ ጫነ፤ ዙሪያውን የግራር እሾህ ከመረበት። ጥሩ ቤት ነበር። በጥሩ ልብ ነው የሠራው፤ ሲጨርስ እጁ ደምቶ ነበር። ሙሌ የራሱን ጋቢ ካላስገባሁለት ብሎ ሙጭጭ አለ፤ አባባ ፈቀደለት።

ጠዋት ስነቃ አባባ ቤት ውስጥ የለም። ወጣሁ። የግቢው በር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጁን በአሸዋ ይፈትጋል። ውሃ ሊቆጥብ ነው ብዬ አሰብኩ። ደሙን አፈር ያለበሰበት አካፋ አጥሩ ላይ ተደግፏል። ከኋላው የድንጋዩ ቤት ፈርሶ ጣውላው ወዲያ ተጥሏል፤ ከዚያ ጀምሮ በቀዩ አቧራ ላይ የተጎተተ ነገር መስመር ከጅብ ዱካ ጋር በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል። ልከተለው ስል አባባ በክንዴ ያዘኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ለሙሌ እንዳልነግረው ብቻ ነው የለመነኝ፤ አዎ፣ ለመነኝ ነው የምለው፣ አላዘዘኝም።

ለሙሌ የነገረው እሱ ነው። አዮ ጡሜ በማለዳ መጥተው እንደነበርና ቡሬ ሊሸኛቸው ሲወጣ አብሯቸው ወደ ቦረና እንደሄደ፣ እዚያ ጥጃ እንደሚጠብቅ ነገረው። ሙሌ በጽሞና አዳመጠ።

«ውሃ ይሰጡታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይሰጡታል» አለው አባባ።

ሙሌ ያን ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አላለቀሰም። እኔ ከማድቤቱ ጀርባ ሄጄ፣ አመዱ ላይ ተቀምጬ፣ አፌን በቀሚሴ አፍኜ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ እዚያ ሲያገኙኝ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ እንጂ አልተቆጡኝም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእትዬ አስካለ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። «ይህ ው...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ዓይኔን ገለጥኩ። ቁርበቱ እርጥብ ነበር። የእኔም ጎን ረጥቧል። እግራችን ሥር ማንም የለም።

እትዬ አስካለ የሙሌን ልብስ ሊያወልቁ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀርቷል። መጋረጃው ተገልጦ አባባ ቆሟል። ቁርበቱን አየ፤ ባዶውን የቡሬ ቦታ አየ፤ ከዚያ እኅቱን አየ። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የአባባም ፊት ላይ ሲገባው አየሁ፤ ቀስ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ ከዚያ አፉ።

ሙሌ መደቡ ላይ ተነሥቶ ቆመ።  አባባን እያየ፣

«ቡሬ ነው» አለ። «ማታ መጥቶ ነበር።»

አባባ መጥቶ ቁርበቱ ላይ፣ እርጥቡ ላይ፣ ተቀመጠ። ሙሌን ወደ ራሱ ሳበውና እርጥብ ልብሱን ከነገላው ካኪው ላይ አስጠጋው። 

«አዎ» አለው በመጨረሻ። «እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ረፋዱ ላይ እትዬ አስካለ ልብስ ሲያጥቡ ጠሩኝ። ራሳቸውን ከገንዳው ሳያነሱ ነው የነገሩኝ። ልጁ አንድም ቀን ትቶት እንደማያውቅ፤ እንደዚያ እንደ ቁርበቱ ቀን ዳግመኛ እንዳይዋረድ ብለው ለራሳቸው እንደማሉ፤ ቡችላው ሲመጣ እግዜር የላከላቸው መስሏቸው እንደነበር። ጭራሮው እንኳ እንዳያመው በጎን በጎኑ ነበር የሚመቱት። አባባ ይህን ያህል ይጨክናል ብለው አላሰቡም፤ ሲጨክን ደግሞ ልጁ ፊታቸው ቆሞ ነበር፣ እንዴት ብለው ይናገሩ?

«አንቺ አትዘኚ» አሉኝ። «ያ ውሻ አመል ከያዘ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቤት ውስጥ አልሸናም። ያስተማርሽውን ሁሉ ተምሮልሽ ነበር።»

ሊያጽናኑኝ ነው ያሉት። ከዚያ ቃል ይልቅ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባባ ቤት ባደረ ቁጥር ከሁላችን ቀድሞ ይነሣና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሙሌ እስኪነቃ ይጠብቃል። ሲነቃ ቡሬ መጥቶ እንደነበር ይጠይቀዋል። ሙሌ መጥቶ ነበር ይለዋል። አባባ ልብሱን ያወልቅለታል፣ ቁርበቱን ራሱ ተሸክሞ ወጥቶ አጥሩ ላይ ያሰጣዋል፤ ጎረቤት ያየው አያየው ግድ አልነበረውም። ሙሌም እየቆየ ይጨምርበት ጀመር፤ ቡሬ አድጓል፣ ጥጃዎቹ ሰላሳ ሆነዋል፣ አዮ ጡሜ ወተት ይሰጡታል። አባባ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። እኔ ግን መስማት አልችልም ነበርና ውሃ ላመጣ እያልኩ እወጣ ነበር።

ዝናቡ በጣም ዘግይቶ መጣ። ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አደረ፤ ሰው ሁሉ በየደጁ ወጥቶ እየተጣራ እንኳን አደረሰህ ይባባላል። እኔም ከተኛሁበት ተነሥቼ ወደ ውጭ ልሮጥ ስል አባባ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሙሌ ነቅቷል። በሁለት እጁ ከሥሩ ያለውን ቁርበት ይዳብሳል፤ እዚህ ይዳብሳል፣ እዚያ ይዳብሳል፣ ልብሱን ገልጦ እንደገና ይዳብሳል። ሁሉም ደረቅ ነበር።

አባባ ተመስገን እንደሚል ሰው ፊቱ በራ። እትዬ አስካለ ከደጅ ሆነው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«ቡሬ አልመጣም» አለ ሙሌ።

አባባን አየ፣ እኔን አየ፣ እግሩ ሥር አየ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው። እማዬ ስትሞት ያላለቀሰውን፣ ቁርበቱን ተሸክሞ ሲሄድ ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ፤ ዝናቡ እያባራ እንደገና ሲጥል እሱ አላባራም። አባባ አቅፎት ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ በአፉ «ሽሽሽ» ብቻ እያለ።